የጨነቅ አመዳይ ፎቶዬ ግራጫ ሆነብኝ፤ ችግሩ ከማንሳቱ ነው ከኤዲቲንጉ?

የአዘዞ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ጥር ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ወጥተን ጨነቅ ካምፕ አድረን ነበር። ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ጓሳው በሙሉ አመዳይ ለብሷል። የጅብራዎቹ (እነዚያ ግንዳም የደጋ ተክሎች) ቅጠል ዳር ዳሩን ነጭ ጥርስ አውጥቷል። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ግን ማን ልብ ብሎት! ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ።

ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ ሌንሱ አብሮት የሚመጣው 18-55። ፒ ሞድ ላይ አድርጌ (ካሜራው ብርሃኑን ራሱ የሚመርጥበት) ነው ያነሳሁት። ሮውም (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ጄፔግም (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ ያወጣው ፎቶ) አለኝ።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ያ ነጭ አመዳይ የለም። ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ጥላው ሰማያዊ ሆኗል። ከገደሉ ማዶ ያለው ቆላ በጭጋግ ተውጧል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ብርሃን ስጨምር ሰማዩ ይጠፋል። ኮንትራስት ስጨምር ጅብራው ይጠቁራል። ሦስት ፎቶ ለጥፌያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ያነሳኋቸው ናቸው። ሦስተኛው ፀሐይ ፊት ለፊት የመጣችበት ነው፤ እሱን አልቆጠርኩትም።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መሬት ነጭ የሚለብሰው ፈረንጅ ሀገር ብቻ ይመስላቸዋል። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ። ይህን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ክፍል ውስጥ ልሰቅለው እፈልጋለሁ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

የማራኪ ልጅ፦

እህቴ ፎቶው ያን ያህል አይከፋም። ዲሄዝን (ጭጋግ መቀነሻውን) ወደ 40 ግፊው፣ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) ትንሽ ጨምሪ፣ ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ ቴምፕሬቸሩን ወደ ቢጫ ውሰጂው። አለቀ። ሰማዩ ካልጣመሽ ደግሞ በአንድ ንክኪ ሰማይ የሚቀይሩ አፖች ሞልተዋል። እኔ ከጎንደሩ ጎሃ ኮረብታ ላይ የማነሳቸውን የከተማ ፎቶዎች እንደዚያ ነው የማደርጋቸው፤ ሰውም ይወድልኛል።

ጃንተከል፦

መምህርት፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። አመዳይ በጣለበት ጠዋት ጨነቅ መገኘት ዕድል ነው። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ያሳልፈዋል።

ችግሩ ከሁለቱም ነው። ግን ሮው ስላነሳሽ ፎቶው ይድናል። ጄፔግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም ነበር። ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ነው የሚይዘው። የአንቺ ካሜራ ሮው ግን 14 ቢት ስለሆነ 16,384 እርከን አለው። አመዳይ ማለት ነጭ በነጭ ላይ ነው። ልዩነቱ ስስ ነው። ያን ስስ ልዩነት የሚያተርፍልሽ ሮው ነው።

ለምን ግራጫ ሆነ? የካሜራው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። ሣር፣ ድንጋይ፣ የሰው ፊት ሲያይ ይሄ ግምት ይሠራል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ግን “ብርሃን በዛ” ብሎ ይቀንሳል። ነጩም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማየት ስሜን ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ቁሚና የሕዝቡን ነጭ ልብስ አንሺ። ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ጠቆር ያለ ሆኖ ይመጣል። እኔ በጥምቀት ቀን ካሜራዬን አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ፣ ከፍ አድርጌ ነው የምውለው።

አመዳይ ላይም እንደዚያው ነው። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ ታደርጊያለሽ። ፒ ሞድ ላይም ሆነ ኤቪ ሞድ ላይ ካሜራሽ ጀርባ ያለውን የኤቪ ቁልፍ ተጭነሽ ከላይ ያለውን ተሽከርካሪ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ከዚያ ያነሳሽውን ክፈቺና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የብርሃኑን ግራፍ፣ እይ። የግራፉ ተራራ ወደ ቀኝ ተጠግቶ የቀኙን ግድግዳ ካልነካ ልክ ነው። ነጩ ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ካየሽ አልፏል፤ ትንሽ መልሺው። የተቃጠለ ነጭ በኤዲቲንግ አይመለስም። ስክሪኑን አይተሽ ብቻ አትፍረጂ። ገና ባልነጋ ሰዓት ስክሪን ሁሉንም ነገር ብሩህ አስመስሎ ያሳያል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ልምጣ። እዚህ ላይ ከማራኪ ልጅ ጋር አልስማማም፤ ወንድሜ አይቀየመኝ። ጥላ ውስጥ ያለ አመዳይ በእውነትም ሰማያዊ ነው። ፀሐይ አልነካችውም፤ የሚያበራው ሰማዩ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ደግሞ አየሩ ስስ፣ ሰማዩም ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ያን ሰማያዊ ሁሉ አጥፍተሽ ቢጫ ካደረግሽው ብርዱ ከፎቶው ይወጣል። ፎቶሽን የሚያየው ሰው ጣቱ መቀዝቀዝ አለበት። ፀሐይ የነካችው ጫፍ ነጭ፣ እንዲያውም ትንሽ ወርቃማ ይሁን። ጥላው ሰማያዊ ሆኖ ይቆይ። የሁለቱ ልዩነት ነው “ንጋት ነው፣ ብርድ ነው” ብሎ የሚናገርልሽ።

ላይትሩም ላይ ዋይት ባላንሱን (የብርሃኑን ቀለም ሚዛን) ከ5,200 ኬልቪን ጀምሪ። ካኖን የፀሐይ ብርሃን የሚለው ቁጥር እሱ ነው። ከዚያ ቀስ እያልሽ ወደ 5,800 አካባቢ ውሰጂውና ቁሚ። የጥላ የሚባለውን 7,000 ከነካሽ ጓሳው የደረቀ ገለባ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግርሽ የምፈልገው አልቆጠርኩትም ስላልሽው ሦስተኛው ፎቶ ነው። ከሦስቱ ፎቶው እሱ ነው! የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ፀሐይ ከጀርባሽ ስለሆነች ብርሃኑ ፊት ለፊት ጠፍጥፎታል። አመዳይ ትንንሽ የበረዶ መርፌ ነው። ብርሃን ከኋላው ሲመጣ እያንዳንዱ መርፌ ይበራል። ሦስተኛው ላይ በግራ በኩል ያለውን ጅብራ አጉልተሽ እይው። የቅጠሎቹ ዳር በሙሉ የብርሃን ክር ይዟል። መሃሉ ጨለማ ነው። ያን ፎቶ ጥለሽ ሌሎቹን ማስተካከል ልፋት ብቻ ነው።

ስሜን ላይ ደግሞ ይሄ የአቅጣጫ ጉዳይ ይብሳል። ትልቁ ገደል ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዞራ ነው የምትሄደው። ስለዚህ የገደሉ ፊት አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ነው። ጠርዙ ላይ ቆመሽ ወደ ቆላው ስታነሺ ፀሐይ ከጀርባሽ ወይም ከቀኝሽ ናት፤ ፊት ለፊትሽ ያለው ሰማያዊ ጭጋግ ነው። አንቺ ያየሽው እሱን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጀርባሽን ለገደሉ ስጪና ወደ ቧሂት ተራራ አቅጣጫ ዙሪ። ፀሐይዋ ከዚያ ነው የምትመጣልሽ። ጅብራውን በአንቺና በፀሐይዋ መካከል አድርጊው። ፀሐይዋን ራሷን በቅጠል ወይም በግንዱ ሸፍኚያት፤ ያለዚያ ሌንስሽ ላይ ነጸብራቅ ይረጫል።

ማንሳቱን በአጭሩ ልጨርስ። ትራይፖድ ያዢ። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ወይም 11፣ አይ ኤስ ኦ 100፣ የ2 ሰከንድ ታይመር። ሁሉም ጥርት እንዲል ብለሽ ኤፍ 22 ላይ አትውጪ፤ ቀዳዳው ያን ያህል ሲጠብ ፎቶው ይደበዝዛል። ፎከሱን ላይቭ ቪው ላይ (በካሜራው ስክሪን እያየሽ) 10 እጥፍ አጉልተሽ ጅብራው ላይ አድርጊ። ፖላራይዘር ፊልተር ካለሽ እዚያ ከፍታ ላይ ጠንቀቅ በይ። በ18 ሚሊሜትር ስፋት ሰማዩን በአንድ በኩል ጥቁር፣ በሌላው በኩል ፈዛዛ ያደርግብሻል።

ኤዲቲንጉን ደግሞ ሦስተኛውን ፎቶ ይዘሽ እንዲህ ሞክሪ። ኤክስፖዠሩን ወደ 0.7 ከፍ አድርጊ። ሃይላይቱን ወደ 40 ቀንሺ፤ የሰማዩ ቀለም ይመለሳል። ከዚያ ዋይት የሚለውን አልት ቁልፍ ይዘሽ ግፊው። ስክሪኑ ይጠቁርና የተቃጠሉ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ነጥቦች ብቅ ሲሉ ቁሚ። ግራጫው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ሰው ኮንትራስት ላይ ሲታገል ይህን ይረሳል። ብላኩንም በተመሳሳይ መንገድ ዝቅ አድርጊው፤ ግን የጅብራው ግንድ ቅርፊት እስከሚታይ ድረስ ብቻ።

ክላሪቲ አትንኪ። አመዳይ ላይ ክላሪቲ ሲበዛ ነጩ ቆሻሻ ይመስላል። ይልቅ ብሩሽ ማስክ (የቀባሽው ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራውን) ያዢና ፀሐይ የነካቸውን የቅጠል ጫፎች ብቻ ቀቢ። እነሱ ላይ ቴክስቸር 15፣ ቴምፕሬቸር ጥቂት ወደ ሙቀት። በቃ። ዲሄዝ ከፈለግሽ በሊኒየር ማስክ ማዶ ያለው ሸንተረር ላይ ብቻ 10 ስጪው። ሙሉው ፎቶ ላይ 40 ከሰጠሽው ርቀቱ ይጠፋል። ቆላው ገደሉ ሥር የተለጠፈ ይመስላል። ጭጋጉ ነው እኮ ርቀቱን የሚነግርሽ።

በመጨረሻ ፎቶውን መቶ ፐርሰንት አጉልተሽ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር እይ። የደባርቅ መንገድ በበጋ አቧራ ነው። ካሜራ ውስጥ የገባ አቧራ ሰማይ ላይ ትንንሽ ግራጫ ክብ ሆኖ ይወጣል። ስልክ ላይ አይታይም፣ ሲታተም ግን ያፈጣል። ሂሊንግ ብሩሹን እየነካሽ አጥፊው።

ሰማይ ስለ መቀየሩ፦ መምህርት ነሽ፤ ፎቶው ለተማሪ ማስረጃ ነው። የዚያ ቀን ሰማይ ይሁን።

የማራኪ ልጅ፦

ጋሼ ኧረ ምን ቅያሜ አለው፣ አመሰግናለሁ። የዲሄዙን ነገር አሁን የጎሃው ፎቶ ላይ ሞከርኩት፤ እውነትዎን ነው። ማስክ አድርጌ ጥቂት ስሰጠው ከከተማው ጀርባ ያሉት ተራሮች ወደ ኋላ ሄዱልኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ብቻ ነው የማነሳው። ነጭ ነገር ላይ እኔስ ምን ላድርግ?

ጃንተከል፦

ስልክም ያው ነው። ነጩ ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዝና ፎከሱን ቆልፈው። ጎኑ ላይ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ሳባት፤ ነጩ ነጭ ሲሆን አቁም። ስልክህ ፕሮ ሞድ ካለው ሮው አብራ። ኤዲት ለማድረግ ስናፕሲድ ነፃ ነው፤ ሮውም ይከፍታል። ለመለማመድ አመዳይ አትጠብቅ። ጠዋት ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ጋቢ ፈልግ፤ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ላይ ይሁን። በአውቶም፣ ከፍ አድርገህም አንሳው። የጥላውን ሰማያዊነት በዓይንህ ታየዋለህ።

ደባርቄ፦

እኔ ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ጃንተከል የነገረሽ እንዳለ ሆኖ፣ አመዳዩ ራሱ የት እንደሚገኝ ካላወቅሽ ካሜራው ብቻውን ምን ያደርጋል?

አመዳይ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ካለ መሬቱ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ነፋስ ካለም አየሩ ስለሚቀላቀል አይጥልም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ውጪና ሰማዩን እይ። ኮከቡ ጥርት ካለና የድንኳኑ ሸራ ካልተንቀሳቀሰ ካሜራሽን አዘጋጅተሽ ተኚ።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ አመዳዩ የሚበዛው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ጎድጎድ ያለው ሜዳና የጅረቱ ዳር ነው። ብዙ ጎብኚ ወደ ገደሉ ጫፍ ሲሮጥ ጥሩው አመዳይ ከኋላው ይቀራል። ደግሞ ጠዋት ጠርዝ ላይ ያለው ሣር ያንሸራትታል፤ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) ቁሚ ካለሽ ቁሚ።

ፀሐይ በጥር የምትወጣው 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው። ጨነቅ ላይ ግን ቧሂት 4,430 ሜትር ሆኖ ከምሥራቅ ስለቆመ ካምፑ ጋ እስክትደርስ ትዘገያለች። ያ መዘግየት ጥቅም ነው፤ ትራይፖድሽን ተክለሽ፣ ፍሬምሽን ሠርተሽ ትጠብቂያታለሽ። አንዴ ከነካችው አመዳዩ ወዲያው ጤዛ መሆን ይጀምራል። የእኛ ፀሐይ ቶሎ ነው ሽቅብ የምትወጣው፤ ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ እንደሚሉት ረጅም ወርቃማ ሰዓት የለም።

የምትቆሚበትን ቦታ ከማታው ወስኚ። አመዳይ ላይ የረገጥሽበት ሁሉ ጥቁር ዱካ ሆኖ ይቀራል። ባልደረቦችሽንም ከፍሬምሽ በስተጀርባ እንዲሄዱ ንገሪያቸው። የሁለተኛው ፎቶሽ ቀኝ ጥግ ላይ የጫማ ዱካ ይታየኛል።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ልብስሽ ውስጥ ከሰውነትሽ ጋር ያዢው። ወደ መኪና ወይም ወደ ሞቀ ቤት ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አድርገሽ አፉን እሰሪ፣ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይልመድ። ያለዚያ ሌንሱ ላይ ላብ ይወጣል።

ጭላዳን አመዳይ ላይ አነሳለሁ ብለሽ ከሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራሉ። ወደ ሜዳው የሚወጡት ረፈድ ሲል ነው፤ ያኔ አመዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ሄዷል። ጥላ ውስጥ የቀረ ቦታ ካገኘሽ ግን እዚያ ጠብቂያቸው።

የአዘዞ መምህርት፦

ጋሼ ጃንተከል፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ! እግዜር ይስጥልኝ። ደባርቄም፣ የማራኪ ልጅም፣ ሁላችሁም ተባረኩ።

ማታውኑ ተቀምጬ ሦስተኛውን ሠራሁት። ዋይቱን አልት ይዤ ስገፋው ግራጫው ዓይኔ እያየ ለቀቀ። የጅብራው ቅጠል ዳር እያንዳንዱ መርፌ ለየብቻው ይታያል። 5,800 ለእኔ ትንሽ ሞቀብኝ፣ 5,500 ላይ ነው የተውኩት። ጥላው ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ሰማዩ ላይ የአቧራ ክቦች አግኝቼ አጥፍቻለሁ። ከታች ባዶ የነበረውን ሣርም ጥቂት ቆርጫለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በምን ያህል መጠን ላሳትመው? ፒያሳ ላለው ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ልላክላቸው ወይስ በፍላሽ ልውሰድላቸው?

ጃንተከል፦

5,500 ካማረሽ 5,500 ነው፤ እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ካሜራሽ 5184 በ3456 ፒክስል ነው የሚያወጣው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታሰብ 44 በ29 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ እጅ ላይ ተይዞም ጥርት ይላል። ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርቀት የሚታይ ከሆነ 200 ዲፒአይ ይበቃል። ያ 66 በ44 አካባቢ ነው። ከታች ስለቆረጥሽ ትንሽ ይቀንሳል፤ 60 በ40 ብትይ ትክክለኛው ነው። የፎቶሽ ቅርጽ 3 በ2 ሆኖ እንዲቀር ግን ከጎንም በዚያው መጠን ቁረጪ።

በፍላሽ ውሰጂው። በቴሌግራም ከላክሽ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ያ ሁሉ መርፌ ይጠፋል። ኤክስፖርት ስታደርጊ የቀለም ክልሉ ኤስ አርጂቢ፣ ኳሊቲ 100።

ወረቀት ከስክሪን ይልቅ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለማተሚያ ብቻ ሌላ ኮፒ አውጥተሽ ኤክስፖዠሩን 0.2 ያህል ከፍ አድርጊው። መጀመሪያ በትንሽ መጠን አንድ አሳትሚና ወደ ውጭ አውጥተሽ በቀን ብርሃን እይው። ወረቀቱን የማያብረቀርቅ በያቸው። ክፍል ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ የሚያብረቀርቀው ላይ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች መስኮቱን ነው የሚያዩት።